ለአማተር ውድድር መኪና የፍሬን ሸራ አመራረጥ፦ ከደብረ ማርቆስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከደብረ ማርቆስ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ገዝተን ለአማተር የመኪና ውድድር እያዘጋጀናት ነው። ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላት፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የላትም። ለሌላ ተሽከርካሪ ዝግ በሆነ ሜዳ ስንለማመድ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ፍሬኗ ይከዳናል። አንድ ዘመዳችን ከዱባይ ለእውነተኛ የውድድር መኪና የሚሆን ሸራ ላምጣላችሁ ብሎናል። ከሁሉ የሚበልጠውን ብንገዛ ይሻላል ወይስ ሌላ የሚመክሩን አለ? መኪናዋን በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባም እንመላለስባታለን።»

በቅድሚያ ቀጥተኛውን መልስ ልስጥ። ከዱባይ ሊመጣላችሁ የታሰበውን ከባድ የውድድር ሸራ አልመክራችሁም። ለእናንተ መኪና የሚስማማው ከመንገድ ሸራ ከፍ፣ ከውድድር ሸራ ዝቅ ያለው መካከለኛው ደረጃ ነው፤ እሱም ቢሆን ሕመሙ በትክክል ከታወቀና የፍሬን ዘይቱ ከተለወጠ በኋላ ነው መገዛት ያለበት። ምክንያቱን ሳላስረዳ ግን ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ነገ ሌላ መኪና ሲገዛ ማንንም ሳይጠይቅ መምረጥ ይችላልና።

«ከሁሉ የሚበልጥ ሸራ» የሚባል ነገር የለም። ሸራ የሚመረጠው በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን ዲስኩ በሥራ ላይ በሚደርስበት የሙቀት መጠን ነው። እናቶቻችን ይህን ነገር ከምጣዱ ያውቁታል፤ ምጣዱ በወጉ ሳይግል ሊጥ ቢያዞሩበት እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ ከልክ በላይ ከጋለም ያርራል። ሸራም እንዲሁ የሚሠራበት የሙቀት ክልል አለው። ለከተማና ለአገር አቋራጭ ጉዞ የሚሠራው ተራ ሸራ ጠዋት ከቤት ሲወጣ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጀምሮ ይይዛል፤ ዲስኩ 350 ወይም 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን የሸራውን ዱቄት አንድ ላይ ያጣበቀው ሙጫ መቃጠል ይጀምርና ሸራው መንሸራተት ያመጣል። ከባዱ የውድድር ሸራ በአንጻሩ 600 ዲግሪንና ከዚያም በላይ ይችላል፤ ነገር ግን ከ150 ወይም ከ200 ዲግሪ በታች አቅሙን አያሳይም። ስለዚህ ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ የእናንተ ዲስክ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ነው።

ከዚያ በፊት ግን «ፍሬኗ ይከዳናል» ያላችሁት መፈታት አለበት፤ ይህ አባባል ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ሕመሞችን ይሸፍናልና። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንክሮ እግርን እየመለሰ፣ የቻላችሁትን ያህል እየረገጣችሁትም መኪናዋ አልቆም ካለች፣ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ፣ ደጋግማችሁ ስትመቱት ደግሞ ትንሽ ከፍ ካለ፣ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ፈሳሽ ስለማይታመቅ የእግራችሁን ጉልበት ሳይቀንስ ሸራውን ዲስኩ ላይ ለሚጨምቀው ለካሊፐሩ ፒስተን ያደርሳል፤ ሲፈላ የሚፈጥረው እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ ጉልበታችሁም እንፋሎቱን በመጨፍለቅ ያልቃል። ሁለተኛው ሕመም ያለበት ሰው የዓለምን ውድ ሸራ ቢገዛ ምንም አይጠቀምም፤ እንዲያውም ያ ሸራ ከፍ ባለ ሙቀት መሥራት ስለሚችል ዘይቱን ይበልጥ ያፈላበታል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ነው። አንድ ክረምት አንዲት ሚኒባስ የደጀንን ቁልቁለት ስትወርድ የዓባይ ድልድይ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ፔዳሏ ወለል ነክቶ፣ ሾፌሩ በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ዳገት ጥግ አስደግፎ አቆማት። ከበረሃው ወጥታ ወደ ጋራዡ ስትመጣ ፔዳሏ ተመልሶ እንደ ደኅና ፍሬን ጠንክሮ ነበር፤ ባለንብረቱም በሳምንቱ ያስለወጠውን አዲስ ሸራ እየረገመ ሌላ ዓይነት እንድገጥምለት ለመነኝ። ቸርኬውን አውርጄ ሸራውን ሳወጣው ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ፊቱም አልተቃጠለም። የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ብሎን በቁልፍ ትንሽ ላላ ሳደርገው ግን የወጣው ዘይት እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር፤ በግልጽ ቱቦው ውስጥም እንደ ስኳር ቅንጣት የደቀቁ አረፋዎች እየተከታተሉ ሲሄዱ ይታዩ ነበር። ሸራውን የለወጠው ጋራዥ ዘይቱን አልነካውም። በዚያ ቀን የሠራሁት ሥራ የድሮውን ዘይት አስወጥቶ አዲስ መሙላት ብቻ ነው፤ ሸራው እዚያው ተመልሶ ተገጠመ፣ ሚኒባሷም እስኪያልቅ ድረስ ሠራችበት።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ጉዳቱም ከዚህ ይመጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲገባበት ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውኃ የሳበው 155 ነው፤ ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ነው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ይስማማሉ። ዶት 5 ተብሎ የሚሸጠው ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ስለሆነ ስሙ ቢቀራረብም ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም፤ ዕቃ ስታስመጡ ይህችን ነጥብ አደራ አስተውሏት። ለእናንተ የምመክረው ጥሩ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 ገዝታችሁ፣ ከአራቱም ጎማ አሮጌውን ጨርሳችሁ አስወጥታችሁ እንድትሞሉ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ከባድ የልምምድ ቀን በኋላ ከፊት ካሊፐሮች ጥቂት ጥቂት አስወጥታችሁ ቀለሙን እንድታዩ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ወራት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ለውድድር መኪና አይሆንም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ፤ ይህ በሒሳብ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። መኪናዋን ከነሾፌሯ 1,150 ኪሎ ግራም ብንላትና ከሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ወደ 60 ብታወርዷት፣ ወደ 480 ኪሎ ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጋደም ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉን የፊት ፍሬኖች ይሸከሙታል፤ ለአንድ ዲስክ 168 ኪሎ ጁል ይደርሰዋል ማለት ነው። የዲስኩ ክብደት 5 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ አንዱ ርግጫ ብቻ ሙቀቱን ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ዙር አምስት ጊዜ እንዲህ ብትረግጡና በመካከሉ ያለው ቀጥታ መንገድ አጭር ከሆነ፣ ዲስኩ የወሰደውን ሳይተፋ ሌላ ይጨመርበታል፤ በጥቂት ዙሮች ውስጥም ተራው ሸራ ከሚችለው ወሰን ላይ ይደርሳል። እናንተ በአምስተኛው ዙር ላይ ያያችሁት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይህንኑ ሒሳብ በዓባይ በረሃ ላይ ብናደርገው የምርጫው መሠረት ይበልጥ ይገለጣል። ከደጀን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ይህች መኪና በዚያ ቁልቁለት የምታራግፈው ጉልበት ወደ 15.8 ሜጋ ጁል ይጠጋል፤ ከ120 ወደ 60 የማውረዱን ርግጫ ሠላሳ ሦስት ጊዜ እንደመርገጥ ነው። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው። የበረሃው ጉልበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል፣ በአማካይ 9 ኪሎ ዋት ቢሆን ነው፤ ከዚያም ላይ ማርሽ በሁለተኛና በሦስተኛ ብትይዙ ብዙውን ሞተሩ ይወስደዋል። የሜዳው ርግጫ ግን ያንን 480 ኪሎ ጁል በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ያወርደዋል፤ 160 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ስለዚህ በረሃውን በወጉ የሚወርድ ሾፌር የሸራው ፊት እምብዛም ሳይግል ሊዘልቅ ይችላል፤ ፔዳሉን ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ የሚወርድ ግን ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ካሊፐሩና ወደ ዘይቱ ያሳልፈዋል። ቅድም ያነሣኋት ሚኒባስ የደረሰባት ይኸው ነው።

የአገራችን ከፍታም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ ሰውም አያስበውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሰርቮ የምንለው የፍሬን ማገዣ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መምጠጫ ውስጥ ባለው ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ የሚሰጠው እገዛ ዱባይ ላይ ከሚሰጠው በጉልህ ያንሳል። ቀጭኑ አየር ዲስኩንም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው። በሌላ በኩል ሞተሩም አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ወደ ኩርባው የምትደርሱበት ፍጥነት ጠረፍ ላይ ከሚኖረው ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱንም በመጠኑ ያስታግሰዋል። ዘመዳችሁ በዱባይ ሰው ምስክርነት ሸራ ሲመርጥላችሁ ይህ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። በተለይ የሰርቮው እገዛ ማነስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለ የማይዝ ሸራ ሰርቮው በደከመበት ደጋ ላይ ሲገጠም፣ ሾፌሩ ሁለቱንም ጉድለት በእግሩ መሸፈን አለበት።

በሸራው ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ከሚታተሙት ቁጥሮች መጨረሻ ብዙ ጊዜ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይገኛሉ። የመጀመሪያው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት የተለካውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል፤ ኢ የተባለው ፊደል ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን ይወክላል። ኤፍ ኤፍ ያለበት ሸራ ቢግልም ባይግልም ተመሳሳይ ነው፤ ኤፍ ኢ ያለበት ሲግል ይደክማል። ነገር ግን ይህ ፈተና ከ350 ዲግሪ ስለማያልፍ በውድድር ሜዳ ስለሚሆነው ነገር ብዙ አይነግራችሁም፤ ጥንካሬንም ሆነ ዕድሜን አይለካም። የማይረባውን ከመግዛት ያድናችኋል፣ የሚረባውን ግን አይመርጥላችሁም። ለዚያ የሚያስፈልጋችሁ አምራቹ ያወጣው የሙቀትና የሰበቃ ሥዕል ነው፤ መስመሩ ከ50 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ሳይዋዥቅ የሚሄደውን ፈልጉ። በምሳሌ ለማስረዳት፣ ፌሮዶ ዲኤስ 2500 የሚለውና ኢቢሲ የሎስታፍ የሚለው ምርት በዚህ መካከለኛ ደረጃ የሚመደቡ ናቸው። ከሌሎች አምራቾችም ተመጣጣኙ አለ፣ በስሙ አትታሠሩ። የምታዙት በመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን የአሁኑን ሸራ አውጥታችሁ ርዝመቱን፣ ቁመቱንና የጀርባውን ብረት ቅርጽ ለክታችሁ ይሁን፤ ኮሮላ በአንድ ስም የተለያየ ካሊፐር ይዛ ትመጣለችና።

ከባዱን የውድድር ሸራ የምከለክላችሁ በዋጋው ምክንያት አይደለም። በሐምሌ ጠዋት፣ ጉም ደጀን ላይ ተኝቶ፣ ዲስኩ ረጥቦ 15 ዲግሪ ላይ እያለ የመጀመሪያዋን ኩርባ ስትጠጉ ያ ሸራ ገና አልነቃም። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናዋ ግን ከለመዳችሁት ርቀት አልፋ ትሄዳለች፤ ከፊታችሁ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ይኖራል። በልምምድ ሜዳም ቢሆን በተራ የመንገድ ጎማ የምትሮጥ 1.6 ሊትር መኪና ዲስኩን በዚያ ሸራ ክልል ውስጥ ለማቆየት ትቸገራለች፤ ሸራው ሲነቃ ደግሞ አያያዙ ድንገተኛና ኃይለኛ ስለሆነ፣ ኤቢኤስ በሌላት መኪና ላይ የፊት ጎማዎቹን በቀላሉ ይቆልፋቸዋል። የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም። ለጀማሪ ተወዳዳሪ የሚሻለው፣ እግሩ በጨመረው ልክ የሚጨምር፣ ሲለቀውም ወዲያው የሚለቅ ሸራ ነው፤ እኔ ከከፍተኛው ሰበቃ ይልቅ ይህን ጠባይ አስቀድማለሁ።

የኋላውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፦ ታምቡሩን አትንኩት። ደኅና የመንገድ ሸራ፣ የማያፈስ የጎማ ሲሊንደር፣ በትክክል የተስተካከለ ክፍተት ይበቃዋል። የኋላውን ከፊት አስበልጦ ማጠንከር በኩርባ መግቢያ ላይ ኋላዋ ቀድሞ እንዲቆለፍና መኪናዋ እንድትሽከረከር ያደርጋል። የፊቱ መጠንከር ግን ቢበዛ ቀጥ ብላ እንድትንሸራተት ነው የሚያደርጋት፤ ከሁለቱ ይህኛው ይሻላል።

ሸራው ሲመጣ እንደገጠማችሁት ወደ ሜዳ አትግቡ። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንደማይጋገርበት ሁሉ አዲስ ሸራም መሟሸት አለበት። በማሟሸት ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል፦ በሙጫው ውስጥ የቀረው ጋዝ ይወጣል፣ ከሸራውም ስስ ንብርብር ተላልፎ በዲስኩ ፊት ላይ እኩል ይቀባል። ይህ ካልተደረገ ጋዙ በመጀመሪያው ከባድ ርግጫ ላይ በሸራውና በዲስኩ መካከል ይገባና ሸራው አዲስ ሆኖ ሳለ ይንሸራተታል። አምራቹ ያወጣው መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ፤ ከሌለ ግን ዝግ በሆነው ሜዳ ላይ ከ80 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስምንት ጊዜ ያህል በመካከለኛ ርግጫ አውርዷት፣ ከዚያ ከ100 ወደ 40 አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ድገሙ። በዚህ ሁሉ መካከል ፈጽማ እንድትቆም አታድርጓት፤ በጋለ ዲስክ ላይ ተጨምቆ የቆመ ሸራ ምልክቱን እዚያው ስለሚተው በኋላ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። ስትጨርሱ ፍሬን ሳትነኩ ለአሥር ደቂቃ በዝግታ ንዷት፣ ስታቆሟትም የእጅ ፍሬን ሳትስቡ ጎማዋን ታኮ አድርጉ። የቆየው ዲስክ የተቦረቦረ ከሆነ ከማሟሸታችሁ በፊት ቶርኖ ቤት አስልሱት፤ ውፍረቱ ግን በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ከወረደ ቶርኖ አያድነውም፣ ይለወጥ።

የሙቀት መጠኑን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በዲስኩ ጠርዝ ላይ የሚቀባው የሙቀት ቀለም ነው፤ የተለመደው ስብስብ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ቀይ ሲሆን በ430፣ በ560 እና በ610 ዲግሪ ላይ ቀለማቸውን ይለውጣሉ። አረንጓዴው ተለውጦ ብርቱካናማው ካልተነካ፣ ከፍተኛው ሙቀታችሁ በሁለቱ መካከል ነበር ማለት ነው፤ ለዚያም የመከርኳችሁ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዘው፣ በጨረር የሚሠራው የሙቀት መለኪያ ነው፤ መኪናዋ ስትቆም ወዲያውኑ ለኩ፣ የሚታየው ቁጥር ግን ዲስኩ በሩጫ ላይ ከነበረው ዝቅ ያለ መሆኑን አትርሱ፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ደግሞ መለኪያውን ያሳስተዋል። መለኪያ ባይኖራችሁም ሸራው ራሱ ይናገራል። ጠርዙ ነጥቶ እንደ አመድ በጣት የሚፈረፈር ከሆነ ከክልሉ አልፏል። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ወይም የካሊፐሩ ፒስተን አቧራ መከላከያ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ የሙቀቱ ነገር ከሸራ ምርጫ በላይ ሆኗልና ከፊት መከላከያው በቱቦ ንፋስ ወደ ዲስኩ መሐል ማድረስ ያስፈልጋል።

ለመንገድ ሸራው እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ ለሜዳ ግን ግማሹ ሲያልቅ ለውጡት፣ የሳሳ ሸራ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ያሳልፋልና። ግማሹ ያለቀው ሸራ ለተራ ጉዞ ይሆናችኋል፣ አትጣሉት። ስትለውጡ አቧራውን በአፋችሁም ሆነ በኮምፕሬሰር አትንፉት። በተለይ የቆየው የታምቡር ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ የሚያመጣው በሽታ መድኃኒት የለውም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ጨርቁን በፌስታል አሥራችሁ ጣሉት። ጋራዥ ውስጥ የሚረዷችሁ ልጆች ካሉ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ ፔዳሉ ሲከዳችሁ ጠንካራ ነበር ወይስ ለስላሳ የሚለውን ሦስታችሁም በየተራ ነድታችሁ አረጋግጡ፤ ዘይቱን ለውጡና እንደገና ሞክሩ። ችግሩ ከቀጠለ መካከለኛውን ሸራ እዘዙ። ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን በኋላ የትኛው ቀለም እንደተለወጠ፣ ስንት ዙር እንደሮጣችሁ፣ የአራቱም የፊት ሸራዎች ውፍረት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልኝ። የአንዱ ጎማ ውስጠኛ ሸራ ከውጨኛው በጣም ሳስቶ ከተገኘ ካሊፐሩ በመንሸራተቻ ፒኖቹ ላይ ተይዞ ይሆናልና ስለ ሌላ ሸራ ከመነጋገራችን በፊት እሱን እናያለን።